የዶክትሬት ተማሪ ከትምህርት ክፍሉ ምን ይጠብቅ? የሐዋሳው ክር ከነምላሾቹ

ጥያቄው

ሐዋሳ ላይ በግብርና፣ በተፈጥሮ ሀብት ወይም በውሃ ዘርፍ ለዶክትሬት የሚማር ሰው ከትምህርት ክፍሉ ምን ድጋፍ ሊያገኝ ይገባል? ከውጭስ በእውነት የሚደረስበት ዕድል የትኛው ነው?

ጥያቄውን በኢንተርኔት የውይይት መድረክ ላይ ስከፍት አንድ ክርክር አስከትዬ ነበር፤ ክር የምለው ጥያቄውንና ከሥሩ የተከታተሉትን ምላሾች ነው። ተማሪው ሦስተኛው ዓመት ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ገንዘብ አጥቶ ብቻ አይደለም፤ ገንዘቡ የሚለቀቅበት ወርና ዝናቡ የሚጥልበት ወር ስለማይተዋወቁም ነው። የመንግሥት በጀት ሐምሌ 1 ተከፍቶ ሰኔ 30 ይዘጋል። በሐዋሳ ዙሪያ በቆሎ ሚያዝያና ግንቦት ይዘራል፣ ጥቅምት ግድም ይሰበሰባል። አንዱ ማሳ እንግዲህ ሁለት የበጀት ዓመት ላይ ተኝቷል፤ ማዳበሪያውና የቀን ሠራተኛው በአሮጌው፣ የአፈርና የዕፅዋት ምርመራው በአዲሱ። በጀት ሐምሌ ተከፈተ ማለት ደግሞ ሐምሌ እጅ ገባ ማለት አይደለም። መፍትሔው ያለው በትምህርት ክፍሉ እንጂ በተማሪው እጅ አይደለም አልኩ።

ምላሾቹ 31 ደረሱ። አዲስ የሚገባ ሁሉ ከላይ የተመለሰውን ደግሞ ስለሚጠይቅ በየተራቸው አሳጥሬ አስቀመጥኳቸው። ያልተመጣጠነ ነው፤ ፍሬ ያለበት ላይ ቆይቻለሁ፣ ጠብ ብቻ የሆነውን አልፌዋለሁ።

ምላሽ 1. በሐሳቡ ተስማምቶ ወደ ሥራው ገባ። ፕሮፖዛል ላይ በጀት ሲዘረዘር «አንደኛ ዓመት፣ ሁለተኛ ዓመት» ተብሎ በትምህርት ዘመን መከፈሉ ስህተት ነው ይላል። ከእያንዳንዱ ዕቃ አጠገብ የሚፈለግበት የበጀት ሩብ ዓመት ይጻፍ። ሐምሌ፣ ነሐሴና መስከረም አንደኛው ሩብ ነው፤ ሚያዝያ፣ ግንቦትና ሰኔ አራተኛው። ለጥቅምቱ ምርመራ የሚሆነው ኬሚካል ከአሮጌው በጀት ተገዝቶ፣ ከሰኔ 30 በፊት ግምጃ ቤት ገብቶ ሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ደረሰኝ) ሊቆረጥለት ይገባል። ውል ተፈርሞ ዕቃው ካልገባ ገንዘቡ ከዓመቱ ጋር ይሄዳል። ግዢ ክፍሎች ጥያቄ መቀበል የሚያቆሙት ደግሞ ሰኔን ሳይጠብቁ ነው። ስለዚህ የግዢ ጥያቄው ቢዘገይ የካቲት ላይ መግባት አለበት። ዕቃው ከገባ በኋላም ለማውጣት ሞዴል 20 (የዕቃ መጠየቂያ) ሞልቶ በሞዴል 22 (የዕቃ ወጪ) መረከብ አለ፤ ፈራሚው ፈቃድ ላይ ከሆነ ኬሚካሉ መደርደሪያ ላይ እያየህ ትመለሳለህ።

ምላሽ 2. አጭር ናት፤ ብዙ ሰው የሚወድቅባት ግን እሷው ናት። ፕሮፎርማ ላይ ያለው ዋጋ ተጨማሪ እሴት ታክስን ይጨምር እንደሆነ ሳያዩ መበጀት። 15 በመቶው ከተረሳ 200,000 ብር ተብሎ የተያዘ ግዢ 30,000 ብር ይጎድለዋል። ጎደሎውን ለመሙላት የሚጻፈው ደብዳቤ ከግዢው ይረዝማል። ሁለተኛ ነገር፣ ፕሮፎርማው ዋጋው የሚጸናበትን ቀን ይዟል። ማጽደቁ ሁለት ወር ከፈጀ ሦስቱም ፕሮፎርማ ሞቷል፣ እንደገና ይሰበሰባል።

ምላሽ 3. ቁጣ ቁጣ ይላል፤ ስለ ሩብ ዓመት ማውራት ቅንጦት ነው ባይ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር 57 ብር ግድም ነበር፤ ወራት ሳይቆጠሩ ከ110 አለፈ። ከዚያ በፊት የጸደቀ ፕሮፖዛል ላይ 1,000 ዶላር የሚያወጣ ሪኤጀንት (የላቦራቶሪ ኬሚካል) 57,000 ብር ተብሎ ተይዟል፤ ያ ገንዘብ አሁን ግማሹን እንኳ አያስገዛም። ምክሩ ግን ጥሩ ነው። በጀቱን የአገር ውስጥና ከውጭ የሚገባ ብሎ ሁለት ሰንጠረዥ ማድረግ። ከውጭ በሚገባው ላይ ብሩ ብቻ ሳይሆን መጠኑ፣ የንጽሕና ደረጃውና የዋጋው ቀን እንዲጻፍ ማድረግ። ምንዛሪ ሲለወጥ ተማሪው አዲስ ፕሮፖዛል ሳይከላከል፣ በትምህርት ክፍሉ የድህረ ምረቃ ጉባኤ ቃለ ጉባኤ ብቻ በጀቱ ይከለስለታል። ቃለ ጉባኤው ላይ የዕቃው ዓይነት ሳይቀየር ዋጋው ብቻ መከለሱ በግልጽ ካልተጻፈ ፋይናንስ ይመልሰዋል።

ምላሽ 4. እርጋታቸውን ሳይ አንጋፋ መምህር መሰሉኝ። በትህትና አረሙኝ። ሁሉም ምርምር በቆሎ አይደለም አሉ። እንሰት ዓመታት ይወስዳል፣ የወንዶ ገነት የደን ሥራ በዝናብ ወቅት አይለካም፣ የሐዋሳ ሐይቅ ጥናት ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። ሐይቁ መውጫ የለውም፣ ዋናው ገባሩ ጥቁር ውሃ ነው፤ ውሃውን ለማወቅ ቢያንስ 12 ወር ሳይቋረጥ ናሙና መውሰድ ያስፈልጋል። ሐምሌና ነሐሴ ጎርፉ ደለል የሚያስገባበት ወር ነው። በጀት የሚደርቀውም ያኔው ነው። እነዚያ ሁለት ወር ከጎደሉ ገምጋሚ መጀመሪያ የሚያየው ያንን ቀዳዳ ነው። ስለዚህ ለጀልባ ኪራይና ለነዳጅ የሚሆነው ገንዘብ እንደ ትልቅ ግዢ ሳይሆን በቅድሚያ ክፍያ፣ ሰኔ ሳይዘጋ ወጥቶ በተማሪው ወይም በአማካሪው ስም መያዝ አለበት አሉ። የእኔ ጥያቄ በቆሎ በቆሎ ማለቱን አምኛለሁ።

ምላሽ 5 እስከ 8. አራቱም ተያይዘው የመጡት በእርሳቸው የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። አምስተኛው፣ የቅድሚያ ክፍያ ሰኔ ላይ ማውጣት ወጥመድ ነው አለ፤ ዓመቱ ሲዘጋ ተሰብሳቢ ሂሳብ (ወጥቶ በደረሰኝ ያልተዘጋ ገንዘብ) ይወራረድ የሚል ማስታወቂያ ይለጠፋል፣ ያላወራረደ ሁለተኛ አያወጣም። ስድስተኛዋ ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ልዩነቱ ወረቀቱ ላይ ነው ብላ ከክሩ ሁሉ ጠቃሚውን ዝርዝር ጻፈች። እንዳለ አሰፍረዋለሁ።

ደረሰኝ በዩኒቨርሲቲው ስም እንጂ በተማሪው ስም አይቆረጥ፤ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ይኑረው። ቀኑ ከፈቃድ ደብዳቤው ቀን ቀድሞ ከተገኘ ውድቅ ነው፤ መስክ ዛሬ ወጥቶ ደብዳቤ ነገ ማስፈረም የለም። የቀን ሠራተኛ ክፍያ በፔሮል ይሆናል፦ ሙሉ ስም፣ የሠራበት ቀን ብዛት፣ የቀኑ ሒሳብ፣ ድምሩ፣ ፊርማ ወይም የጣት አሻራ፣ የቀበሌ መታወቂያ ኮፒ። ፔሮሉ ላይ ያለው ስም ከመታወቂያው ጋር በፊደል እንኳ ሊለያይ አይገባም። ድምሩ በአኃዝም በፊደልም ይጻፍ። ከገበሬ የሚገዛ ፍግ ወይም የእንሰት ችግኝ ደረሰኝ ስለሌለው ከመግዛት በፊት ፋይናንስ በምን ቅጽ እንደሚቀበል ይጠየቅ፤ ከተገዛ በኋላ መጠየቅ ልመና ነው። የማሽን ደረሰኝ ቀለሙ ይለቃል። መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ የከረመ ደረሰኝ ነጭ ወረቀት ሆኖ ይገኛልና በዚያው ቀን ኮፒ ይደረግ፣ ኮፒው ከዋናው ጋር ይያያዝ።

ሰባተኛው ምስጋና ብቻ ነው። ስምንተኛው አንድ ጨመረ፦ የሹፌር አበልና የተማሪ አበል በአንድ ደብዳቤ ከወጣ የአንዱ መዘግየት ሌላውን አስሮ ያቆያል፤ በየስማቸው ይውጣ።

ምላሽ 9. እዚህ ጋ ቃናው ተቀየረ። ጸሐፊው የምትጨቃጨቁበት ገንዘብ የማን እንደሆነ እንኳ አላወቃችሁም አለ። አብዛኛው የዶክትሬት ተማሪ የሌላ ዩኒቨርሲቲ መምህር ነው፤ በትምህርት ፈቃድ፣ ከደመወዙ ጋር፣ የአገልግሎት ግዴታ ውል ፈርሞ የመጣ። ላኪው ተቀባዩ ይከፍላል ይላል፣ ተቀባዩ ላኪው። አራት ነገር ከፕሮፖዛል መከላከያ በፊት በጽሑፍ ሊለይ ይገባል፦ የትምህርት ክፍያ፣ የምርምር ወጪ፣ የአማካሪና የውጭ ፈታኝ ክፍያ፣ ላቦራቶሪና የመስክ መኪና። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ደብዳቤው ለፕሬዚዳንት ተብሎ ተልኮ በዚያው ስለሚቀር ነው። ግልባጩ ለፋይናንስ፣ ለድህረ ምረቃ ጽሕፈት ቤትና ለሁለቱም ትምህርት ክፍሎች ይግባ፤ የገቢ መዝገብ ቁጥሩን ተማሪው በእጁ ይያዝ። ቁጥር የሌለው ደብዳቤ አልደረሰንም ቢባል መከራከሪያ የለም። ልክ ነው። ስድቡን ትቶት ቢሆን ደግሞ ሁለት እጥፍ ልክ ይሆን ነበር።

ምላሽ 10 እስከ 12. አሥረኛው የስኮላርሺፕ ማስታወቂያ የሚደርሰው ለዘመድና ለአማካሪ ወዳጅ ነው አለ፤ ሌላው የሚሰማው ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው። አሥራ አንደኛው፣ ከአጻጻፉ አስተባባሪ የነበረ ሰው ይመስላል፣ ሰነፍ ተማሪ ኢሜይሉን ስለማይከፍት ነው ብሎ መለሰ። ከዚያ ሁለቱ የማይጻፍ ተጻጻፉ። አሥራ ሁለተኛዋ የመድረኩ አወያይ ናት፤ ስም ይጠራል፣ ትምህርት ክፍል ይወቀሳል ካላችሁ ክሩን እዘጋለሁ ብላ አበረደች።

ምላሽ 13. ጠቡን ወደ ሥራ መለሰው። አንድ የቴሌግራም ቻናል ይከፈት፣ አስተባባሪው ብቻ ይለጥፍበት። እያንዳንዱ ጥሪ በአራት መስመር ይጻፍ፦ ማን ማመልከት ይችላል፣ ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር መቼ ነው፣ ከትምህርት ክፍሉ የሚፈለገው ወረቀት ምንድን ነው፣ ማን ይፈርመዋል። ሰዓቱን የጨመረው እሱ ነው። በመካከለኛው አውሮፓ ሰዓት 23:59 ይዘጋል የተባለ ጥሪ በእኛ ሌሊት 7:59 ነው፤ እነሱ የበጋ ሰዓት ላይ ሲሆኑ ደግሞ 6:59። መብራትና ኔትወርክ ላይ ተማምኖ እዚያ ድረስ የሚቆይ ሰው ራሱ ይቅር ይበለው። የድጋፍ ደብዳቤ ፈራሚ አርብ ከሰዓት እንደማይገኝ አስቦ ቢያንስ አሥር የሥራ ቀን ቀድሞ መጠየቅ ነው።

ምላሽ 14 እስከ 17. የዕድሎቹ ዝርዝር እዚህ ይጀምራል፣ እርማቱም አብሮ። አሥራ አራተኛው ስሞች ደረደረ፤ ተከታዮቹ አንድ በአንድ አበጠሯቸው። ውጤቱ ይህ ነው።

ሩፎረም የአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የግብርና ትብብር መረብ ነው፤ ዋና ቢሮው ካምፓላ፣ ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ አባል ነው። የረዳት መምህራን የዶክትሬት መርሃ ግብሩ ከአንዱ አባል ዩኒቨርሲቲ ወደ ሌላው የሚልክ ሲሆን ተቀባዩ የትምህርት ክፍያን ይተዋል፣ ላኪው ጉዞና ኑሮን ይችላል። አሥራ አምስተኛው እዚህ ላይ ውሃ ቸለሰ፦ ላኪው በውጭ ምንዛሪ ሊከፍል ነው፣ ስለዚህ ማመልከቻ ከመሙላት በፊት የሚጠየቀው ሩፎረም ሳይሆን የራስ ፋይናንስ ነው።

የጀርመኑ የአካዳሚክ ልውውጥ አገልግሎት፣ ዳድ፣ በአገር ውስጥና በአካባቢው አገሮች ለሚማሩ የሚሰጠው ስኮላርሺፕ አመልካቹ የመጨረሻ ዲግሪውን ካገኘ ከስድስት ዓመት ያልበለጠ እንዲሆን ይጠይቃል። ማስተርሱን ጨርሶ ሰባት ዓመት ያስተማረ መምህር ውጭ ሆነ ማለት ነው። በየዓመቱ የሚቀበሉት ተቋማትና ትምህርት ዘርፎች በጥሪው ላይ ተዘርዝረው ይወጣሉ፤ ሐዋሳ ላይ መማር ብቻውን አያስገባም።

ለሴት ተመራማሪዎች የተቋቋመውና መቀመጫው ጣልያን፣ ትሪየስቴ የሆነው ድርጅት፣ በእንግሊዝኛ ምኅፃሩ ኦደብልዩኤስዲ (OWSD) የሚባለው፣ ኢትዮጵያውያትን ይቀበላል። አሥራ አራተኛው ሐዋሳ ላይ ሙሉ ትምህርት ይሸፍናል ብሎ ነበር። አሥራ ስድስተኛዋ አረመችው። ሙሉው ስኮላርሺፕ ከአገር ውጭ፣ በሌላ ታዳጊ አገር ለሚማሩ ነው። ሐዋሳ ላይ ለተመዘገበች ተማሪ የሚሠራው ሳንድዊች የሚባለው ነው፤ ምዝገባው እዚሁ ሆኖ የምርምሩ ክፍል በሌላ ታዳጊ አገር ተቋም የሚሠራበት። ለዚያ የአስተናጋጁን ተቋም የቅበላ ደብዳቤ ቀድሞ ማግኘት ይጠይቃል። የሚያዘገየውም እሱ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት የትምህርት ልውውጥ መርሃ ግብር፣ ኢራስመስ ፕላስ፣ ለዶክትሬት ተማሪ ከ5 እስከ 30 ቀን የሚደርስ አጭር ጉዞ ይፈቅዳል፤ ለላቦራቶሪ ሥልጠና ወይም ለመረጃ ትንተና ይበቃል። ነገር ግን በሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች መካከል የተፈረመ ስምምነት ከሌለ ተማሪ ብቻውን ማመልከት አይችልም። ስለዚህ ጥያቄው ለተማሪ ሳይሆን ለትምህርት ክፍሉ ነው፦ የትኞቹ ስምምነቶች አሁን በሥራ ላይ ናቸው? ይህን በአንድ ገጽ የለጠፈ ትምህርት ክፍል ግማሽ ሥራውን ሠርቷል።

አሥራ ሰባተኛው ከሕዝብ ጤና ጎራ ገባ። እናንተ የምታልሙትን እኛ ጋ ሠርተውታል ብሎ ሴኑፍን ጠቀሰ፤ በኖርዌይ ድጋፍ የደቡብ ኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎችን በሕዝብ ጤና ያስተሳሰረውና ሐዋሳን ከበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በጋራ የዶክትሬት ትምህርት ያገናኘው ነው። የሠራበትን ምክንያት እንዲህ አስቀመጠው፦ ገንዘቡ ለአንድ ተማሪ ሳይሆን ለትምህርቱ መጣ፣ አማካሪ ከሁለቱም ወገን ተመደበ፣ የመስክ ሥራው ከመጀመሪያው በበጀቱ ውስጥ ነበር። ግብርናዎቹ ትንሽ ቀኑ፤ ሁለት ሦስት የቀልድ መስመር ተከተለ፣ አልቆጠርኳቸውም።

ምላሽ 18. ስለ ቤተ መጻሕፍት። ለታዳጊ አገሮች ተቋማት የምርምር መጽሔቶችን በሚከፍተው ሪሰርች ፎር ላይፍ ውስጥ አጎራ ለግብርና፣ ሂናሪ ለጤና፣ ኦአሬ ለአካባቢ ናቸው። ኢትዮጵያ ነፃ ከሚያገኙት አገሮች ምድብ ውስጥ ናት። ምዝገባው በተቋም እንጂ በግለሰብ አይደለም፤ የይለፍ ቃሉን የሚሰጠው ቤተ መጻሕፍቱ ነው። ተማሪው የይለፍ ቃሉን ቴሌግራም ላይ ከለጠፈ መግቢያው ለተቋሙ በሙሉ ሊዘጋ ይችላል፤ በአንድ ሰው ቸርነት መቶ ሰው ይቀጣል። ጎግል ስኮላር ላይ ክፈል የሚል ጽሑፍ ሲመጣ መጀመሪያ በአጎራ መግቢያ በኩል መሞከር እንጂ ከገጹ ፊት ለፊት መግፋት አይሠራም፤ አሳታሚው የሚያውቀው ከየት እንደመጣህ ነው።

ምላሽ 19. ስለ ማሳተሚያ ክፍያ፤ ከክሩ ሁሉ ብር የሚያድነው ይኸው ነው። ሙሉ በሙሉ በነፃ ከሚነበቡ መጽሔቶች ብዙዎቹ ከደራሲ ክፍያ ይጠይቃሉ። ትልልቆቹ አሳታሚዎች ግን ተጠሪ ደራሲው (ከአሳታሚው ጋር የሚጻጻፈው) ከዝቅተኛ ገቢ አገር ከሆነ ብዙውን ጊዜ ክፍያውን ሙሉ ይተዋሉ። ሦስት ስህተት ይሠራል። አንደኛ፣ የክፍያ ምሕረቱ ጽሑፉ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ይጠየቃል፤ መጠየቅ ያለበት ሲላክ ነው። ሁለተኛ፣ በውጭ ያለው ተባባሪ አማካሪ ተጠሪ ደራሲ ይደረጋል፤ ያኔ አሳታሚው የሚያየው የእሱን አገር ነው። ሦስተኛ፣ ግማሹ በክፍያ ግማሹ በነፃ የሚነበብ ድብልቅ መጽሔት ላይ ምሕረት ይጠየቃል፤ እነዚያ ላይ በአብዛኛው የለም፣ ያስፈልጋልም አይባልም፣ አንባቢው በሚከፍልበት በተለመደው መንገድ ደራሲው ያለ ክፍያ ማሳተም ይችላልና። ብዙ ተማሪ ይህን ሳያውቅ ሺህ ዶላር ሲፈልግ ይኖራል።

ምላሽ 20. አስመሳይ መጽሔት። ስኮፐስ (ዓለም አቀፍ የምርምር ጽሑፎች የመረጃ ቋት) ውስጥ ነን ያለን መጽሔት በራሱ ድረ ገጽ አለማመን፤ የስኮፐስ የመጽሔት ዝርዝር ያለ ክፍያ ይታያል፣ እዚያ ስሙን ሳይሆን የመለያ ቁጥሩን መፈለግ። ስም ይሰረቃል፤ የነባር መጽሔት ስምና ቁጥር ይዞ በሌላ አድራሻ የሚቀመጥ አለ። ዝርዝሩ ላይ ከየትኛው ዓመት ጀምሮ እንደተቋረጠም ይጻፋል። በሦስት ቀን ገምግሜ አሳትማለሁ የሚል ገምጋሚ የለውም። የአገር ውስጥ መጽሔት ከሆነ ትምህርት ሚኒስቴር ዕውቅና ከሰጣቸው መሆኑ ይታይ፤ ስንት ጽሑፍ፣ የት ታትሞ እንደሚቆጠር ደግሞ በየዩኒቨርሲቲው ሕግ ይለያያልና የራስን ሴኔት ሕግ እንጂ የጓደኛን አፍ አለመስማት።

ምላሽ 21. ሹል ነው። አማካሪው አንብቦ ባላረመው ጽሑፍ ላይ ስሙ ለምን ይገባል አለ፤ ስንት አማካሪ ስንት ተማሪ ላይ እንደሚቀመጥ ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ ወይ ሲል ጠየቀ። መልስ የሰጠ የለም። አራት ሰው ግን ወደደው። በዚያው የላኪና የተቀባይ ዩኒቨርሲቲ ስም የቱ ይቅደም የሚለውን አነሳ። ሁለቱንም መጻፍ ይቻላል፤ ምርምሩ የተሠራበት ይቀድማል፣ ላኪው ይከተላል። ለደረጃ ዕድገት የሚቆጥረው ላኪው ስለሆነ ስሙ ከቀረ ተማሪው ሲመለስ ይቸገራል።

ምላሽ 22 እስከ 25. ርዕሱ ሳተ፤ መሳቱ ግን ጠቀመ። ሃያ ሁለተኛው መብራት ሄዶ ፍሪዘር ውስጥ ያለ ናሙና ቢቀልጥ ተጠያቂው ማን ነው አለ። ሃያ ሦስተኛዋ መጀመሪያ ናሙናው ፍሪዘር ይፈልግ እንደሆነ ጠይቅ አለችው። ለፎስፈረስ፣ ለኦርጋኒክ ካርቦንና ለአፈር ቅንጣት መጠን የሚሆን አፈር ጥላ ላይ በአየር ይደርቃል፣ በ2 ሚሊ ሜትር ወንፊት ይነፋል፣ ለካርቦንና ለጠቅላላ ናይትሮጅን የሚሆነው በ0.5፤ ወረቀት ከረጢት ውስጥ ይቀመጣል፣ መብራት አይፈልግም። ናይትሬትና አሞኒየም የሚለካ ብቻ ነው በዚያው ቀን በ2 ሞላር ፖታሲየም ክሎራይድ ማውጣት ወይም ማቀዝቀዝ ያለበት። ለዲኤንኤ የሚሆን ቅጠል ከክብደቱ ቢያንስ አሥር እጥፍ ሲሊካ ጄል ውስጥ ከደረቀ ወራት ይቆያል።

ሃያ አራተኛው ፍሪዘር ላለው ሰው ብልሃቱን ሰጠ። ባዶ ቦታውን ውሃ በተሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሙላው፣ ሙሉ ፍሪዘር ቅዝቃዜውን ይይዛል። መብራት ሲሄድ አትክፈተው። ስታቢላይዘር አድርግ፣ ሲመለስ የሚመጣው ኃይል ኮምፕረሰር ያቃጥላል። ማታ ቀልጦ ጧት እንደገና መርጋቱን ለማወቅ ደግሞ ስኒ ውሃ አርግተህ ላዩ ላይ የአንድ ብር ሳንቲም አስቀምጥ፤ ሳንቲሙ ወደ ታች ሰምጦ ካገኘኸው ናሙናህ ቀልጦ ነበር። ይህችን ወድጃታለሁ። ሃያ አምስተኛው ያ ፍሪዘር የማን ዓሣ እንደሚያድርበት እናውቃለን ብሎ ወደ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ወሰደን፤ ስለ ቆሮሶና አምባዛ ብዙ ተባለ፤ አወያይዋ እንደገና ገባች።

ምላሽ 26. ናሙና ወደ ውጭ ስለ መላክ። ተክል፣ ዘር፣ ረቂቅ ተሕዋስያን ያለበት ነገር ከሆነ በጄኔቲክ ሀብት አርክቦት (ሀብቱን የማግኘት ፈቃድ) አዋጅ 482/1998 መሠረት ከኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ይፈልጋል። ኢትዮጵያ የጄኔቲክ ሀብት ጥቅምን ስለ መጋራት የተደረገው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ የናጎያ ፕሮቶኮል፣ አባል ናት፤ የአውሮፓ ላቦራቶሪዎችም ይህን ወረቀት ሳያዩ አይረከቡም። ከዚያ በሁለቱ ተቋማት መካከል የናሙና ዝውውር ስምምነት፣ ከዚያ የዕፅዋት ጤና ሰርተፊኬት። አፈር ከሆነ የተቀባዩ አገር የማስገቢያ ፈቃድም አለ፤ ይህ የሚወጣው በተቀባዩ ላቦራቶሪ በኩል ስለሆነ ተማሪው ከዚህ ሊጨርሰው አይችልም። ስምምነቱ ላይ መፈረም የሚችለው ዩኒቨርሲቲው ነው፣ አማካሪው አይደለም። አማካሪ የፈረመው ስምምነት ተመልሶ መጥቶ ወራት ይበላል። ፈቃዱ የሚጠየቅበት ጊዜ ፕሮፖዛል የጸደቀ ዕለት ነው፤ ናሙናው ከተሰበሰበ በኋላ ዘግይቷል።

ምላሽ 27 እና 28. ሃያ ሰባተኛዋ በወሊድ ጊዜ ምን እንደሚሆን ጠየቀች። ሃያ ስምንተኛዋ በደንብ መለሰች። መምህርት ከሆነች በመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ 30 ቀን ከወሊድ በፊት፣ 90 ቀን በኋላ፣ በድምሩ 120 ቀን አላት። ነገር ግን ያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር ነው። የምትማርበት ዩኒቨርሲቲ ሪጅስትራር በጽሑፍ ካልተነገረው የትምህርት ጊዜዋ መቆጠሩን አያቆምም። ስለዚህ ሁለት ደብዳቤ ነው፦ አንዱ ለላኪ፣ አንዱ ለተቀባይ፣ ጊዜያዊ ማቋረጫ ቅጽ ሞልቶ፣ ኮፒ ይዞ። ስትመለስም የመመለሻ ቅጽ አለ። አንድ ሰው ከሥር ይህ ለሴቶች ልዩ ጥቅም ነው ብሎ ጻፈ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ራሱ አጠፋው። ደግ አደረገ።

ምላሽ 29. በየመንፈቁ የሚሞላው የሂደት ሪፖርት ፎርማሊቲ ሆኗል አለ፤ ተማሪው ይሞላል፣ አማካሪው ይፈርማል፣ ማንም አያነብም። እንዲህ ይሁን ባይ ነው፦ አንድ ገጽ፣ ሦስት ጥያቄ። ምን ተሠራ፣ ምን ቆመ፣ የቆመው በማን ጠረጴዛ ላይ ነው። ሦስተኛው ጥያቄ የሌለበት ቅጽ ሁሉ ጥፋቱን ተማሪው ላይ ይጥላል። አማካሪ መቀየር የፈለገ ተማሪም ማስረጃ የሚሆነው ይኸው ወረቀት ነው፤ የስብሰባ ቀንና የተላከበት ቀን የተጻፈበት።

ምላሽ 30. የአራተኛው ጸሐፊ ናቸው፣ ተመልሰው መጡ። የተባለው ሁሉ በአንድ ገጽ ተጽፎ በር ላይ ቢለጠፍ መልካም ነው፣ ነገር ግን አስተባባሪነት በየሁለት ሦስት ዓመቱ ይቀየራል፤ ገጹም ከሰውየው ጋር ይሄዳል አሉ። ስለዚህ ገጹ በትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ እጅ ይሁን፤ የፊርማ መንገዱን ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናትና። የሚቀጥለው ዓመት የበጀት ጥያቄ የሚዘጋጀው በዓመቱ አጋማሽ ግድም ስለሆነ፣ የዶክትሬት ተማሪዎች የዕቃ ዝርዝር በሩብ ዓመት ተከፍሎ ከገና በፊት እሷ ጋ ይድረስ።

ምላሽ 31. የሦስተኛው ጸሐፊ ነው፤ የዶላሩ። ከቁጣው ምንም አልቀረም። ዝርዝሩን የት እንደሚያስገባ፣ በወረቀት ይሁን በኢሜይል ነው የጠየቀው። እስካሁን የመለሰለት የለም፤ የሚያውቅ ካለ ከዚህ በታች ይጻፍለት።